ለአባትሽ ልክ የሚሆን ቃል

*ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ጥቅምት 21*

የወንድሜ ልጅ ደብዳቤ ዛሬ ደረሰኝ። ከተላከ አሥራ አምስት ቀን ሆኖታል። እኔ በስልክ የተባለ ነገር ብዙ አይጥመኝም፤ ማን ምን እንዳለ በኋላ ማስረጃ የለውም። እሷም ይህን ስለምታውቅ ከበድ ያለውን ጉዳይ በወረቀት ታደርገዋለች። የምትልክልኝንም የምልክላትንም እዚህ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። ሰው የላከውን ካልያዘ፣ የመጣለት መልስ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ይጠፋዋል። ሦስት ሴቶች ዚፕ እየመረጡ ስለነበር ፖስታውን ከአዝራር ሳጥኖቹ ኋላ ሸጉጬ ቆየሁና ሲወጡ ቆሜ አነበብኩት።

---

*ጥቅምት 6*

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ወገብዎ ተሽሎት፣ ሱቅዎ በደንበኛ ሞልቶ፣ ከጎረቤትዎ ከጨርቅ ሻጩም ጋር ታርቃችሁ ያግኝዎት። እኔ ደህና ነኝ። ሆቴሉ ውስጥ ከልብስ ማጠቢያው ወደ ስፌት ክፍሉ አዛውረውኛል። የተቀደደ አንሶላ፣ የተተረተረ መጋረጃ፣ አዝራሩ የወደቀ የአስተናጋጅ ኮት ሁሉ ወደኔ ይመጣል። ክፍሏ መስኮት የላትም፤ ግን ሞቃት ናት፤ አለቃዬ ካልገባች አዛዧም እኔ ነኝ።

የምጽፍልዎት ለትምህርት ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ብዬ ልጀምር። ከሥራ በኋላ የምማርበት የእንግሊዝኛ ክፍል አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። በዚህ ወር ብዙ ሰው የማይጠቀምባቸውን ቅጽሎች በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ለያንዳንዳችን አንድ አንድ አደሉን። መሸምደድ አይበቃም። ቃሉ ልክ የሚሆነው አንድ የምናውቀው ሰው ፈልገን፣ ስለሱ በማስረጃ አንድ ገጽ ጽፈን ክፍሉ ፊት ማንበብ አለብን። "ትርጉሙ መዝገብ ውስጥ አለላችሁ፤ አጠቃቀሙ ግን ሰው ላይ ሲለካ ነው የሚታወቀው" ይላሉ። አጠገቤ የሚቀመጠው የአውቶቡስ ሾፌር "ሆዳም" ማለት የሚሆን ቃል ደረሰውና ቁራጩን ሳያጥፍ አማቱን ጻፈ። ለኔ የደረሰኝ "ታሲተርን" ይላል።

መዝገበ ቃላቱ "በተፈጥሮው ንግግር የማያበዛ፣ አንደበተ ቁጥብ" ብሎ ይፈታዋል። ሳነበው ሳቄ መጣ። ሌላ ሰው ማሰብ አላስፈለገኝም። "አባቴ" ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ከሥሩ በቀይ ጽፈው መለሱልኝ፦

"ይህ ቃል ዝምታ ጠባዩ ለሆነ ሰው ነው። ለዓይን አፋር አይሆንም፤ ዓይን አፋር መናገር እየፈለገ ይፈራል። ለአኩራፊም አይሆንም፤ አኩራፊ ዝም የሚለው ያስቀየመው ሰው ላይ ነው። አባትሽ የትኛው ናቸው?"

አክስቴ፣ ሦስቱንም በየተራ ለካሁባቸው።

ከአገር የወጣሁ ዕለት እርስዎም ነበሩ። አባባ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ፈታተው ዘይት ያጠጡ ነበር። "ልሄድ ነው" አልኳቸው። "እሺ" አሉኝ። ቀና አላሉም። ይኸው ሦስት ዓመት። አራት ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ የአንዱም መልስ አልመጣም። ስልክ ስደውል እርስዎ ያቀብሏቸዋል፤ እኔ አወራለሁ፣ እሳቸው ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ለእርስዎ ይመልሱታል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እዚያች ወርክሾፕ ውስጥ ጎናቸው ነው ያደግኩት። እጃቸው የሚያውቀውን ሁሉ አስተማሩኝ፤ እኔ ደግሞ ይዤው ሄድኩ። ቢቀየሙኝ አልፈርድባቸውም።

በጥር የአሥራ አምስት ቀን ዕረፍት አለኝ። እወስዳለሁ ወይም አልወስድም የምለው እስከ ታኅሣሥ 20 ነው። ዝምታው ጠባያቸው ከሆነ እመጣለሁ። ኩርፊያ ከሆነ ግን የተዘጋ ፊት ለማየት ያን ሁሉ መንገድ መምጣት አልችልም። ስለዚህ ያዩትን ይጻፉልኝ። እንዳይከፋኝ ብለው የሚያለሰልሱትን ሳይሆን ያዩትን።

የወንድምዎ ልጅ

---

*ጥቅምት 25*

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣

የክፍልሽ ሙቀት አይጓደል፤ አለቃሽም ቀና ቀና ይበላት። ወገቤ እንዳለ ነው። ከጨርቅ ሻጩ ጋር አልታረቅንም፤ እሱ ሰላም ያለኝ ቀን የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው።

አራት ቀን ቆይቼ የምመልስልሽ ለመሸሽ አይደለም። ደብዳቤ በደረሰኝ ዕለት መልስ አልጽፍም፤ የዚያን ዕለት የሚጽፈው ልቤ ነው፣ ልቤ ደግሞ ሒሳብ አያውቅም።

ያየሁትን ልንገርሽ። አባትሽ ትምህርት ቤት የገባ ቀን ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ታላቁ ነኛ። መምህሩ "ስምህ ማነው?" አሉት። ደብተሩን ገልብጦ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አሳያቸው። መምህሩ ዲዳ መስሏቸው ለኔም በእጃቸው ምልክት ያደርጉ ጀመር።

እናትሽን ለትዳር የጠየቀ ጊዜ ደግሞ ሱቄ መጥቶ ጥግ ቆመ። ደንበኛ ሳስተናግድ ጠበቀ። ሁሉም ሲወጡ "እሺ አለች" አለኝ። "ማን?" አልኩት። በአገጩ መንገድ ማዶ ያለውን ልብስ ሰፊ ቤት አሳየኝ። "ምን ብለሃት?" ብለው ሳቀ እንጂ አልነገረኝም። እናትሽ ነፍሷን ይማረውና "እኔ ነኝ እሱን የጠየቅኩት" ትል ነበር፤ እኔም የሷን አምናለሁ።

ሦስተኛውን አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም። አንዲት ሴት የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰ አስቸግሯት መጣች። የመኪናውን ታሪክ ከአያቷ ጀምራ ነገረችው። ማን እንደገዛው፣ ማን እንደወረሰው፣ የትኛዋ ምራት እንዳበላሸችው። ጨርሳ ትንፋሽ ስትወስድ "መርፌው" አላት። ለውጦላት ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ "መርፌው" ይለዋል።

እንግዲህ ጠባዩ ነው። ይህን እፈርምልሻለሁ።

ነገር ግን እኔ ዕቃ ስሸጥ እንከኑን ራሴ ነው የማሳየው። አንቺ እያለሽ ከሱቄ ሆኜ ከመንገድ ማዶ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ግን ይሰማ ነበር። አሁን አይሰማም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ወንበሬን ደጅ አውጥቼ አዳመጥኩ። እስከ ቀትር አምስት ቃል ተናገረ፤ ሁለቱ "እ" ናቸው። ጠባይ ከሆነ አንቺ ስትሄዪ ለምን ቀነሰ? አላውቅም። የማላውቀው ላይ ደግሞ አልፈርምም። ደብዳቤዎችሽ ደርሰውት እንደሆነም አልጠየቅኩትም።

አክስትሽ

---

*ኅዳር 14*

ውድ አክስቴ፣

እንዲህ የሚያስቅና የሚያስለቅስ ነገር አንድ ላይ ስለጻፉልኝ ዕድሜዎን ያርዝመው። ሦስቱን ታሪኮች ተርጉሜ ክፍል ውስጥ አነበብኩ። "መርፌው" ጋ ስደርስ አስተማሪያችን መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። የመጨረሻውን አንቀጽዎን ላነበው አልነበረም፤ እሳቸው ግን "ወረቀቱ ገና አላለቀም፣ አይቼዋለሁ" አሉኝ።

ካነበብኩት በኋላ "ዋናው ይህ ነው" አሉ። "ቃልሽ ሰውዬው እንዴት ያለ እንደሆነ ይናገራል። ለምን እንደተለወጠ ግን አይናገርም፤ ያ የዚህ ቃል ሥራ አይደለም። አባትሽ ድሮም ዝምተኛ ከነበሩና አሁን ከባሱ፣ የባሰበትን ምክንያት ሌላ ቦታ ሄደሽ ፈልጊ።"

ሾፌሩ እጁን እንኳ ሳያወጣ "ምን ፍለጋ ያስፈልገዋል፤ አኩርፈዋል" አለ።

"አንተ አባቴን የት ታውቃቸዋለህ?" አልኩት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ ለራሴም አልታወቀኝም። ክፍሉ ሁሉ ዞረ።

"አላውቃቸውም" አለ። "አንቺስ?"

ክፉ ሰው አይደለም። በኋላ ይቅርታ ብሎኝ ቤቴ በር ላይ አውቶቡሱን አቆመልኝ፤ እዚያ ግን ፌርማታ የለም። "አንቺስ?" ያለኝ ግን አብሮኝ አደረ።

አክስቴ፣ የመጀመሪያ ልመናዬን ትቼዋለሁ። ታሪክ አይላኩልኝ። የመጨረሻው ደብዳቤዬ ላይ አባባን "ተቀይመውኛል ወይ?" ብዬ በግልጽ ጠይቄያቸው ነበር። እሱን አንብበውት እንደሆነ ብቻ ይዩልኝ። አንብበው ዝም ካሉ፣ እሱ ራሱ መልስ ነው። እርስዎ ግን አይጠይቋቸው። እኔ አስጠየቅኩ እንዳይሆን።

ቀኑ እየሄደ ነው።

ልጅዎ

---

*ታኅሣሥ 1*

ለምወድሽ ልጄ፣

ደህንነትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሾፌሩንም ከሩቅ ሰላም በይልኝ፣ ጥሩ ነገር ነው የጠየቀሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከትናንት ወዲያ ነው። አትጠይቂ ያልሽኝን ጠይቄያለሁ። ብትመጪም ባትመጪም ትቆጪኛለሽ፤ አሁን ግን አንብቢ።

ትናንት የሱቄን መኪና ተሸክሜ ወደ ወርክሾፑ ተሻገርኩ። ምንም አልሆነም መኪናው። ሰበብ ነው።

"ምን ሆነ?" አለኝ።

"ክር ይበጥሳል።"

ቁራጭ ጨርቅ አስገብቶ አንድ ስንዝር ሰፋበት። ክሩ አልተበጠሰም። ጨርቁን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠና አየኝ። በሥራዬ ብዙ ሰው ሲዋሽ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ተይዤ ግን አላውቅም።

"እሺ" አልኩት። "የልጅቱ ደብዳቤዎች ደርሰውሃል?"

"ደርሰዋል።"

"አንብበሃቸዋል?"

"እንዴታ።"

"ታዲያ መልስ አትጽፍላትም?"

"ጽፌያለሁ" አለኝ።

ፖስታ ቤት ጥሎት ነው ብዬ እየተናደድኩ "የት አለ?" አልኩት። በአገጩ የሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን መሳቢያ አሳየኝ። ያንቺን መሳቢያ።

እኔ ነገሩ እስኪገባኝ ቆየሁ፤ ለአንቺ ግን ወዲያው እንደሚገባሽ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት እያለሽ የለመዳችሁትን አስቢው። እሱ የመኪናውን ብልሽት በካርቶን ቁራጭ ጽፎ እዚያ ይከታል። አንቺ ከትምህርት ቤት መጥተሽ ትፈቺዋለሽ፤ ያልገባሽን እዚያው ካርቶን ላይ ጠይቀሽ ትመልሺያለሽ። እሱ ከጥያቄሽ ጎን መልሱን ጽፎ መሳቢያው ውስጥ ያኖራል። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ እንደዚያ ተጻጽፋችኋል። ደብዳቤዎችሽንም እንደዚያው ነው ያደረጋቸው። ከየጥያቄሽ ጎን፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቱ፣ መልስ አለ።

"ወንድሜ" አልኩት፣ "መሳቢያው እዚህ ነው፤ ልጅቱ ባሕር ማዶ ናት።"

"ስትመጣ ታየዋለች።"

"እንደምትመጣስ በምን አወቅክ?"

ምን የማይረባ ነገር ትጠይቂያለሽ በሚል ዓይን አየኝ። "ቤቷ አይደል" አለ።

አስፈቅጄ ከፈትኩት። "ጤናዎ እንዴት ነው?" ካልሽው ጎን "ደህና" ይላል። "ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ?" ካልሽው ጎን "ባልዲ አለ" ይላል። "የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደህና ነው?" ካልሽው ጎን "አሉ።" ይህን ስታነቢ እየሳቅሽ መሆን አለበት፤ እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ አራተኛውን አነሣሁ። "ተቀይመውኛል ወይ?" ካልሽው ጎን ግን ጽሑፉ አላለቀም። ጠርዙን ሞልቶ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ ወረቀቱን ዞሮ ከኋላው ቀጥሏል። አባትሽ በሕይወቱ ያን ያህል ሲጽፍ አይቼ አላውቅም።

"እሱ የሷ ነው" አለኝ። አጠፍኩት። አላነበብኩትም፤ ስለዚህ ምን እንደሚል አልነግርሽም።

"ልላክላት" ብዬ ለመንኩት። "ይጠፋል" አለኝ። ከዚያ በላይ ልጎትተው አልቻልኩም።

ያየሁት ይህ ነው። ውሳኔው ያንቺ ነው።

አክስትሽ

---

*ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ታኅሣሥ 29*

ምንም አልመጣም። ደብዳቤዬ በአሥራ አምስት ቀን ከደረሰ በ16 አግኝታዋለች። አሥራ ስምንት ከፈጀ በ19። ሃያ ከፈጀ አልፎባታል። በ19ም በ20ም ስልክ ደወልኩ፤ አላነሳችም። እስከዛሬ በስልክ ላይ የነበረኝን አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠርኩት፤ ታኅሣሥ 1 ቀን በአንድ ደቂቃ መንገር እችል ነበር። ለወንድሜ ቀጠሮ መኖሩን አልነገርኩትም። እሱ ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ እንደምትመጣ ያውቃል። ከሁለታችን የሚጨነቀው እኔ ነኝ።

---

*ታኅሣሥ 21*

ውድ አክስቴ፣

ጤና ለእርስዎ፣ ሰላም ለሱቅዎ። ስልኬ በኮት ኪስ ውስጥ ሆኖ ከመጋረጃ ጋር ስለታጠበ ደውለው ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከትናንት ወዲያ፣ በ19 ነው። ስፌት ክፍሉ ውስጥ ቆሜ ከፈትኩት። "ቤቷ አይደል" የሚለው ጋ ስደርስ ታጥፎ በተደረደረ አንሶላ ላይ ተቀመጥኩ። አርባ አንሶላ ነው፤ ሁሉንም እንደገና አጥፌያለሁ። አለቃዬ ገብታ "ክፉ ወሬ ነው?" አለችኝ። "አይደለም፤ አባቴ መልስ ጽፈውልኝ ነበር" አልኳት። ለማስረዳት ብሞክርም አልሆነልኝም። ካርቶኑን፣ መሳቢያውን፣ እንዴት ብዬ።

እኔም እኮ እዚያ ቤት ያደግኩ ነኝ። ስለ መሳቢያው እንዴት ትዝ አላለኝም? ሦስት ዓመት የፖስታ ሳጥን ስከፍት ኖርኩ።

ትናንት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አለቃዬ በር ላይ ጠበቅኳትና "ዕረፍቴን እወስዳለሁ" አልኳት። ጥር 12 እገባለሁ። ለአባባ አይንገሯቸው። ገብቼ መሳቢያውን ራሴ ልክፈተው።

ልጅዎ

---

*ከማስታወሻ ደብተሬ፣ ጥር 12*

ገባች። ቀጭናለች፤ ፀጉሯን አሳጥራለች። ሱቄ በር ላይ ሻንጣዋን ጥላ አቀፈችኝና "አሉ?" አለችኝ። "የት ይሄዳል" አልኳት። እኔ አልተሻገርኩም። ከደጃፌ ሆኜ አየሁ። ስትገባ የሚሠራው መኪና ድምፁ ቆመ። ከዚያ ወንድሜ አንድ ነገር ተናገረ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም። በመሐሉ አንዲት ደንበኛ ደርዘን አዝራር ገዝታኝ አሥራ አራት ሰጠኋት።

*ጥር 27*

ትናንት ሄደች። በአሥራ አምስቱ ቀን ጣሪያውን አሠሩ፤ ባልዲው ተነሣ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበረ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ሊሰጠኝ የማይፈልግ ሰው ላይ አልጫንም።

---

*የካቲት 8*

ውድ አክስቴ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ያሰነቁኝ ክርና አዝራር ጉምሩክ ላይ አንዷን ሴትዮ አስገርሟት "ሱቅ ልትከፍቺ ነው?" አለችኝ።

እዚያ እያለሁ ያልነገርኩዎትን አሁን ልንገርዎት። ለመገልበጥ አባባን አስፈቅጃለሁ። ወረቀቱ ላይ የጻፉት ይህን ነው፦

"አልተቀየምኩም። የሄድሽ ቀን ብዙ ነገር ልልሽ ነበር። እኔን እንደሆነ ታውቂኛለሽ፤ አንድ ጊዜ ሲጠይቁኝ የሚወጣልኝ 'እሺ' እና 'ደህና' ነው። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሁለተኛ ትጠይቂኛለሽ። ቆመሽ፣ 'እሺ ምን?' ትያለሽ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የሚመጣልኝ። ያን ቀን መኪና ይጠብቅሽ ነበርና አንድ ጊዜ ብለሽ ሄድሽ። አሁን ሁሉም አንድ ጊዜ ጠይቆኝ ያልፋል። ደንበኛውም ያልፋል። እህቴም ሥራ ይበዛባታል፤ ከመንገድ ማዶ ሆና 'ደህና ነህ?' ትለኛለች፣ 'ደህና' እላታለሁ፣ ትመለሳለች። ስለዚህ ከድሮው ይበልጥ ዝም ብያለሁ። መቀየም አይደለም።"

ስለ እርስዎ የሚለውን መስመር ልዝለለው ብዬ ነበር። እርስዎ ግን የሰጠሁዎትን ጎድሎ ቢያገኙት አይወዱም።

ገጼን ባለፈው ሳምንት አነበብኩ። መጨረሻው ላይ ቃሉ ለአባቴ ልክ መሆኑን ጻፍኩ። ይህ ቃል አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚናገር እንጂ ስንት ጊዜ ሊጠየቅ እንደሚገባው አይናገርም፤ ያን የሚያውቀው አብሮት የሚኖር ሰው ነው ብዬ ጨረስኩ። አስተማሪያችን ምንም አላረሙበትም። ሾፌሩ ተነሥቶ "እኔም አማቴን ሁለተኛ ጠይቄያት ነበር፤ አሁንም ሆዳም ናት" አለ።

ልጅዎ

---

*ከማስታወሻ ደብተሬ፣ የካቲት 24*

ደብዳቤዋን ጠዋት ተቀበልኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ያን መስመር ብቻ ሌላ ሁለት ጊዜ። ደብዳቤ በደረሰኝ ዕለት መልስ አልጽፍም፤ ዛሬም አልጻፍኩም። ሱቁን ከቀትር በፊት ዘግቼ ተሻገርኩ።

"ደህና ነህ?" አልኩት።

"ደህና።"

ሁልጊዜ "እሺ በል" ብዬ የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። ባዶውን የዘይት በርሜል ጎትቼ ተቀመጥኩበት።

"ደህና ነህ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮዬን ያመመኝ ሳይመስለው አልቀረም። ካቻቢቴውን ጨርቅ ላይ አስቀመጠ።

"ጉልበቴ" አለ።

"ጉልበትህ ምን?"

"ያመኛል።" ጠበቅኩት። አንዲት ሴት በሩ ላይ መጥታ አይታን ተመለሰች። "ከክረምት ጀምሮ" አለ። "ሲብስ ደረጃዋን መውረድ ያቅተኛል። ግራው ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር።" ሱሪውን ሰብስቦ አሳየኝ። አብጧል። በየቀኑ ከመንገድ ማዶ የማየው ሰው ነው፤ ሲያነክስ አላየሁትም፣ ተቀምጦ ነዋ የማየው።

ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ሱቁ ይዘጋል።